የፈጠራ መብቱን ለሳይንስ የሰጠው ኬሚስት

በቶርኖ ቤት ብረት ሲላግ ማቀዝቀዣው ዘይት በሙቀትና በሽክርክሪት ኃይል ተበትኖ እንደ ጉም በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ሠራተኛውም ቀኑን ሙሉ ይተነፍሰዋል። ይህን ጉም በኤሌክትሪክ የሚያጠምዱት ማጣሪያዎች የሚሠሩበትን ዘዴ ለኢንዱስትሪ ያበቃው አሜሪካዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ጋርድነር ኮትረል ነው።

ኮትረል እ.ኤ.አ. በ1877 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ ተወለደ። በበርክሌይ ተምሮ፣ ጥቂት ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ ወደ ጀርመን ሄደ። በ1902 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ይዞ ተመለሰና በበርክሌይ መምህር ሆነ።

ከሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የሚወጣውን ጉም ለመያዝ መሞከር የጀመረው በ1906 ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ በ1880ዎቹ በዌልስ አንድ የእርሳስ ማቅለጫ ውስጥ ሞክሮት፣ የኤሌክትሪክ ምንጩ አቅም ስላነሰው ከሽፎበታል። ኮትረል ግን ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ከፍ አድርጎ ወደ ቀጥተኛ ለወጠው። ጠብታዎቹ በሽቦው አጠገብ ሲያልፉ ቻርጅ ይሆናሉ፤ ከዚያም ወደ ብረቱ ተስበው ይጣበቃሉ። ፓተንቱን በ1908 አገኘ።

ገበያ የፈጠረለት ግን በአመዛኙ ሕግ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበረው የሰልቢ ማቅለጫ በጢሱ ሳቢያ በአካባቢው ሰዎች ተከስሶ ነበር። የኮትረል መሣሪያ የአሲዱን ጉም ያዘለት። በሪቨርሳይድ የሲሚንቶ ፋብሪካም አቧራው የብርቱካን እርሻዎችን በመጉዳቱ ወደዚሁ መሣሪያ ዞሯል። እርግጥ መሣሪያው ጠብታና ብናኝ እንጂ ጋዝ አይዝም።

ኮትረል ሀብታም መሆን ይችል ነበር። እሱ ግን በ1912 በስሚዝሶኒያን ተቋም ድጋፍ ሪሰርች ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት አቋቁሞ የፓተንት መብቱን አስረከበ። ትርፉ ለሳይንስ ምርምር እንዲውል ነው። የኧርነስት ሎውረንስ ሳይክሎትሮን ከዚሁ ገንዘብ ተጠቃሚ ነበር። እሱ ራሱ በ1920 የአሜሪካን የማዕድን ቢሮ በዳይሬክተርነት መርቷል። በኅዳር 1948 በበርክሌይ በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስብሰባ ላይ ሳለ አረፈ።

ከሕይወቱ አንድ ነገር መማር ይቻላል። ማጣሪያውን የሠራው ኮትረል ቢሆንም፣ ባለፋብሪካው እንዲገዛው ያስገደደው ከሳሹ ጎረቤት ነው። የዘይት ጉም ግን ከግድግዳ አልፎ የሰው ብርቱካን አያበላሽም። ከውስጥ ቀርቶ የሚጎዳው ሥራውን ማጣት የሚፈራውን ሠራተኛ ነው። ስለሆነም ክሱን ሳይጠብቅ ገደቡን የሚያስቀምጠው የሠራተኛ ሕግ መሆን አለበት። በአሜሪካ የማዕድን ዘይት ጉም በ8 ሰዓት አማካይ በኪዩቢክ ሜትር ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ቁጥሩ ዋጋ የሚኖረው ግን አየሩን የሚለካ ተቆጣጣሪ ወደ ቶርኖ ቤቱ ሲገባና ባለቤቱም የማጣሪያውን ሳህኖች በየጊዜው ሲያሳጥብ ነው።