ጉሊየልሞ ማርኮኒና የሬዲዮ ጸጋ

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ካደለው ጸጋ አንዱ በፍጥረት ውስጥ የተሰወረውን ኃይል በትዕግሥት ፈልጎ የማግኘት ችሎታ ነው። በዚህ ጸጋ ከሠሩት ሰዎች መካከል ጉሊየልሞ ማርኮኒ ይገኛል። የሕይወቱ ታሪክ የሚያስመሰግን ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚያሳዝንም ገጽ ስላለው፣ ሁለቱንም ሳንሸሽግ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ማርኮኒ ጣሊያናዊ ባለርስት፣ እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ አየርላንዳዊት ነበሩ። በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቢጠመቅም ያደገው በእናቱ በኩል በመጣው በአንግሊካን እምነት ነው። መደበኛ ትምህርቱ የተቆራረጠ ስለነበረ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አልበቃም። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሽቦ መጠምጠምና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች መሞከር ይወድ ነበር። የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበሩት ጎረቤቱ አውጉስቶ ሪጊም ወደ ቤተ ሙከራቸው እንዲገባ ፈቀዱለት።

በ1894 ጀርመናዊው ሊቅ ሃይንሪኽ ኸርትስ ስላደረጉት ምርምር የሚገልጽ ጽሑፍ አነበበ። ኸርትስ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲፈጠር ዓይን የማያየው ሞገድ በአየር ውስጥ እንደሚጓዝ አረጋግጠው ነበር። የ20 ዓመቱ ወጣት ይህ ሞገድ መልእክት ሊያደርስ ይችላል ብሎ አሰበ። በፖንቴኪዮ በሚገኘው የቤተሰቡ ቤት፣ ከጣራው ሥር ባለው ክፍል ሥራውን ጀመረ።

መሣሪያዎቹ ቀላል ነበሩ። ማስተላለፊያው ከባትሪ፣ ከመምቻ ቁልፍና ከጥቅል ሽቦ የተሠራ ሲሆን፣ ቁልፉ ሲጫን በብረት ኳሶች መካከል ብልጭታ ይዘል ነበር። የመቀበያው ልብ ደግሞ የብረት ብናኝ የያዘ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ነው። የቱቦውን ጠባይ ቀደም ብለው ያጠኑት በፓሪስ የካቶሊክ ተቋም መምህር የነበሩት ኤድዋር ብራንሊ ናቸው። ብናኙ እንደወትሮው ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፤ ሞገድ ሲደርስበት ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ያሳልፋል፤ ደወሉም ይጮኻል። ከዚያም ትንሽ መዶሻ ቱቦውን መታ አድርጋ ብናኙን ትበትነዋለች፤ ለሚቀጥለው ምልክትም ታዘጋጀዋለች። ማርኮኒ ብዙ ዓይነት ብናኝ እየቀላቀለ ሞክሮ በመጨረሻ ጥቂት ብር የተጨመረበትን ኒኬል መረጠ። በዚያው ዓመት መገባደጃ አንድ ሌሊት እናቱን ቀስቅሶ፣ ያለ ሽቦ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ደወል ሲደውል አሳያቸው።

በ1895 ሙከራውን ወደ ሜዳ አወጣ። የማስተላለፊያውን አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ሌላውን ከመሬት ጋር አገናኘ። በዚህ ዘዴ ምልክቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኮረብታ ተሻገረ። ከኮረብታው ማዶ የነበረው ወንድሙ አልፎንሶ ምልክቱ መድረሱን ጠመንጃ ተኩሶ አስታወቀ።

በ1896 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ አመለከተ። በ1899 ምልክቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ተሻገረ። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 በኒውፋውንድላንድ በካይት በተሰቀለ ሽቦ አማካይነት፣ ከእንግሊዝ አገር ከፖልዱ የተላኩ ሦስት ነጥቦች መስማቱን አስታወቀ። ርቀቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1909 ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም፣ በሕይወት የተረፉት ከ700 በላይ ሰዎች የዳኑት በዚሁ መሣሪያ በተላከው የድረሱልን ጥሪ ነው። ለዚህ ሥራ ሎጅ፣ ፖፖቭና ቴስላን የመሳሰሉ ሌሎችም ብዙ እንደደከሙ መዘንጋት አይገባም።

ማርኮኒ በ1927 ሁለተኛ ጋብቻውን ከመፈጸሙ በፊት በካቶሊክ እምነቱ ጸና። ከዚያም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ የቫቲካንን ሬዲዮ ጣቢያ እንዲያቋቁም አደራ ሰጡት። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1931 ጣቢያው ተመረቀ፤ ቅዱስነታቸውም በላቲን ቋንቋ ለመላው ዓለም ተናገሩ። ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል እየነጠረ ሩቅ አገር የሚደርሰው አጭር ሞገድ የጴጥሮስን ተከታይ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ውቅያኖስ አሻገረ። የጣቢያው የመጀመሪያ ኃላፊ ኢየሱሳዊው ካህን አባ ጁሴፔ ጃንፍራንቼስኪ ነበሩ። በኋላ ዘመን ይኸው ጣቢያ በአማርኛም ስብከቱንና ዜናውን አሰምቷል።

ነገር ግን ይህ ሰው በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኗል፤ በ1930ም ሙሶሊኒ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾሞታል። በ1935 ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ወረራውን በአደባባይ ደገፈ። በዚያ ጦርነት ሕዝባችን በመርዝ ጋዝ ተቃጥሏል። የካቲት 12 ቀን የሚታሰበው የአዲስ አበባ እልቂት የተፈጸመውም ማርኮኒ ከመሞቱ ከአምስት ወር በፊት ነው። የሰጠመችውን መርከብ ጥሪ ዓለም እንዲሰማ ያስቻለ ሰው፣ የተወረረውን ሕዝብ ጩኸት ግን አልሰማም።

ማርኮኒ ጁላይ 20 ቀን 1937 በሮም አረፈ። በብሪታንያም የሬዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ።

ውድ አንባብያን፣ መሣሪያ ሕሊና የለውም፤ ሕሊና ያለው የሚሠራውና የሚናገርበት ሰው ነው። የቫቲካንን ድምፅ ያስተላለፈው ሞገድ የወራሪውንም ቃል አስተላልፏል። በየቁምስናችን የተበላሸ ሬዲዮ ፈተው የሚጠግኑ፣ ሽቦና ባትሪ አገናኝተው የሚሞክሩ ልጆች አሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እነዚህን ልጆች ሥራችሁ ጨዋታ ነው ብለው ሊያባርሯቸው አይገባም፤ የማርኮኒም ሥራ የተጀመረው እንዲሁ ነው። ነገር ግን እጃቸው ሲሠለጥን ልባቸውም አብሮ እንዲሠለጥን፣ የሩቁን ድምፅ መቀበል ሲማሩ የተገፋውን የባልንጀራቸውን ጩኸት መስማትም እንዲማሩ ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።