ኒኮላውስ ኦቶ፤ የሞተርን ምት በየተራው ያሰለፈው ተጓዥ ነጋዴ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ የሚወጣ፣ ወደ እስቴና ወደ ስማዳም የሚያቀና ባለሞተር ተሽከርካሪ ሞተሩ አራት ሥራዎችን በየተራቸው ያከናውናል። ተራው ከተዛባ ዳገቱን መውጣት ይሳነዋል። ይህን ሥርዓት ለገበያ በበቃ ሞተር ላይ ያዋለው ጀርመናዊው ኒኮላውስ አውጉስት ኦቶ ነው።

ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1832 በሆልትስሃውዘን መንደር ተወለደ። አባቱን ያጣው ገና በሕፃንነቱ ነበር። የምሕንድስና ትምህርት ያልቀሰመው ኦቶ ሻይ፣ ቡናና ስኳር ለመሸጥ ከከተማ ከተማ የሚዘዋወር የንግድ ወኪል ሆነ። በፓሪስ ይሠራ የነበረው ኤትየን ለኗር እ.ኤ.አ. በ1860 የፈለሰፈው የጋዝ ሞተር ዜና ግን ልቡን ከንግዱ አሸፈተው። በ1862 ያሠራው ባለ አራት ምት የሙከራ ሞተር ለጥቂት ጊዜ ዞሮ ተሰባበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከኦይገን ላንገን ጋር በኮሎኝ ኩባንያ መሠረተ። ከለኗር ሞተር እጅግ ያነሰ ጋዝ የሚፈጀው ሞተራቸውም በ1867 በፓሪስ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ለሌላ ሰው ይህ ይበቃው ነበር።

ኦቶ ግን ወደ ተሰባበረው ሐሳቡ ተመለሰ፤ በ1876ም ተሳካለት። ፒስተኑ የጋዝና የአየር ድብልቅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ድብልቁ ነድዶ ፒስተኑን ይገፋል፣ በመጨረሻም ጭሱ ይወጣል። ይህ ሲፈጸም ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ማስገቢያውና ማስወጫው ግን እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈታሉ። ኦቶ ይህን ያስማማው በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት በሚዞር የጎን ዘንግ ነበር።

ዛሬ የታይሚንግ ሰንሰለት የሚቀይር መካኒክም የሚጠብቀው ያንኑ የሁለት ለአንድ ስሌት ነው። የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን በእመቃው መጨረሻ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ፣ በክራንኩና በካምሻፍቱ ጥርሶች ላይ ያሉት ምልክቶች አምራቹ ባመለከተው ቦታ እንዲውሉ ይደረጋል፤ ቀለም የተቀቡት የሰንሰለቱ ዘለበቶችም ከምልክቶቹ ጋር ይገጥማሉ። ሰንሰለቱ ከተወጠረ በኋላ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ የጥርሶቹን ምልክት ዳግም ማየት ያስፈልጋል። ባለቀለሞቹ ዘለበቶች ያን ጊዜ ከቦታቸው ርቀው ቢገኙ ሊያስደነግጥ አይገባም። አንድ ጥርስ መዝለል ሞተሩን አቅም ያሳጣል፤ ስሕተቱ ሲሰፋ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል።

ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1877 ያገኘው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አልዘለቀም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የአራቱን ምት መርሕ በ1862 በጽሑፍ አስፍሮ ስለነበር፣ በጀርመን መብቱ በ1886 ተሻረ። ቦ ደ ሮሻ ሞተሩን አልሠራውም፤ ሕጉ ግን የቀደመውን ጽሑፍ ተመለከተ። ለዓመታት ለደከመው ኦቶ ፍርዱ መራራ ነበር። ለሌሎች ሞተር ሠሪዎች ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ኦቶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1891 በኮሎኝ፣ በ58 ዓመቱ አረፈ። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያመጣው፣ በዚሁ በአራት ምት ሥርዓት የሚሠራው መኪና፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከወራት ጉዞ በኋላ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር።