የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወትና የእብደት ስያሜ፦ የአእምሮ ሕመም በማኅበረሰብ ጥናት ዕይታ

የአንድ ሰው ጠባይ ሲለወጥ ለለውጡ ስም የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ቤተሰብ፣ ጎረቤት ወይም ባላንጣ ነው። ስያሜውን የሰጠው ማን ነው? በምን ጊዜ? ለምን ዓላማ? እነዚህ ጥያቄዎች የአእምሮ ሕመምን ከሕክምና ባሻገር የማኅበረሰብ ጥናት ርእሰ ጉዳይ ያደርጉታል። በኢትዮጵያ ታሪክ ጥያቄዎቹን ጎልተው ከሚያሳዩት ሕይወቶች አንዱ የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው፤ እናታቸውም ተቸግረው ኮሶ ሸጡ ተብሎ ተወራ። ይህ ወሬ ካሳ ገናና ከሆኑ በኋላ እንኳ የባላንጣዎቻቸው መሳለቂያ ሆኖ ቆየ። ከሽፍትነት ተነሥተው የየጁን መሳፍንት አሸነፉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው ነገሡ። አገርን አንድ ማድረግ፣ ለወታደር ደመወዝ መክፈልና የቤተ ክርስቲያንን መሬት መቀነስ ከዋና ዋና ዕቅዶቻቸው መካከል ነበሩ።

ንጉሡን ከሰው ጋር ያስተሳሰሯቸው ማሰሪያዎች ግን አንድ በአንድ ተበጠሱ። በ1850 ዓ.ም. ባለቤታቸው ተዋበች ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው ፕላውደን፣ ጥቂት ቆይቶም አማካሪያቸው ጆን ቤል ተገደሉ። በመሬቱ ጉዳይ ከካህናት ጋር ተቃቃሩ፤ አቡነ ሰላማንም በመቅደላ አሰሩ። አውራጃዎች በየተራ ሸፈቱ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ቅጣታቸውም እየከፋ ሄደ።

በዚህ ዘመን ስለ ንጉሡ የተጻፈው ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። የአውሮፓውያን እስረኞችና ባለሥልጣናት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ አእምሮው እንደ ታወከ አምባገነን አድርገው ሣሏቸው፤ ይህም ሥዕል የእንግሊዝን ዘመቻ ተገቢ ለማስመሰል አመቺ ነበር። ከአገር ውስጥ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች አለቃ ዘነብ በአድናቆት ሲጽፉ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ወቀሱ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን እንደ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና አቤ ጉበኛ ያሉ ደራስያን ንጉሡን የአንድነት ጀግና አድርገው አቀረቧቸው። የተሠራው ሥራ ያው ሆኖ ሳለ ስሙ የተለወጠው ተመልካቹና ዘመኑ ስለ ተለወጡ ነው።

ቶማስ ሼፍ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው የስያሜ ንድፈ ሐሳብ እብደት የሚለው ስም በማኅበረሰብ መካከል እንዴት እንደሚጸና ለመመርመር ይረዳል። ኤሚል ዱርካይም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 ራስን ማጥፋትን ከማኅበራዊ ትስስር ጋር አያይዞ አጥንቷል። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲያጠፉ በዙሪያቸው የቀሩት ጥቂት ታማኞች ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት ግን ሕመም ሁሉ የስያሜ ፍሬ ነው ማለት አይደለም። በትእዛዛቸው የሞቱት ሰዎች ሥቃይ እውነት ነው፤ የንጉሡም የመንፈስ ጭንቀት እውነት ሊሆን ይችላል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሕመም ስም ማውጣት ግን ማኅበራዊ ምክንያቶቹን ከመመርመር ነጻ አያወጣም።

ጥያቄው በንጉሥ ሕይወት ብቻ አይወሰንም። ዛሬ በቡራዩ አጠገብ በገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። በዚያም ሆነ በሰበታና በሱሉልታ በየቤቱ ለሚኖር ታማሚ የሚጽፍለት አለቃም ሆነ የሚከራከርለት ደራሲ የለም። ለንጉሡ አንድ ትውልድ ያወጣውን ስም ሌላው ለወጠው፤ ስም የለሹ ታማሚ ግን አንዴ የተሰጠውን ስም ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ተመራማሪ የታማሚውን ምልክቶች ሲመዘግብ፣ ስሙን ማን እንዳወጣለትና ከዚያ በኋላ ማን እንደ ራቀው አብሮ ሊመዘግብ ይገባዋል።