ሳንባን ለሰው የተከሉት ዶክቶር ጄምስ ሃርዲ

ከአንድ ሰው የተወሰደ ሳንባ በሌላው ደረት ውስጥ እንዲተነፍስ በዓለም መጀመሪያ ያደረጉት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክቶር ጄምስ ሃርዲ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 ዓ. ም. በአላባማ ክፍለ ሀገር ከመንታ ወንድማቸው ጋራ ተወለዱ። በ1942 ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሐኪምነት አገለገሉ። በ1955 የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በጃክሰን ከተማ ለከፈተው አዲስ የሕክምና ማዕከል የቀዶ ጥገና ክፍል ሹም ሆኑ።

ሚሲሲፒ በድኅነቷ የምትጠቀስ አገር ነበረችና እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ ይወጣል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ዶክቶር ሃርዲ ግን ከረዳቶቻቸው ጋራ በመቶ በሚቈጠሩ ውሾች ላይ ተለማመዱ። ሥራው ደም ሥርን መስፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ያስቸገረው ሰውነት ባዕድ ሥጋን እንደ ጠላት ቈጥሮ የሚዋጋ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ የተገኘው በሽተኛ ሰው ገድሎ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት የ58 ዓመት እስረኛ ነበረ። የግራ ሳንባውን ነቀርሳ ይዞታል፥ ኩላሊቱም ታሟል። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። ስለ ፍርዱ መለወጥ ለእስረኛው ምንም እንዳልተነገረው ዶክቶር ሃርዲ ጽፈዋል፤ ባለሥልጣኖቹ ግን በግል ተጠይቀው፥ ለሰው ልጅ ዕድገት በዚህ መንገድ ቢረዳ በበጎ ዓይን ሊያዩት እንደሚችሉ ገልጸው ነበር። ቢነገረውም ባይነገረውም፥ የእስረኛ እሺታ እንደ ነፃ ሰው እሺታ ሊቈጠር ይችላልን?

ተከላው የተፈጸመው ጁን 11 ቀን 1963 ማታ ነው። አዲሱ ሳንባ ወዲያው መተንፈስ ጀመረ። በዚያው ሌሊት የጥቁሮች መብት ተሟጋች የነበሩት ሜድጋር ኤቨርስ በቤታቸው ደጅ በጥይት ተመትተው ወደዚያው ሆስፒታል ተወሰዱና አረፉ። እስረኛው 18 ቀን ኖሮ ሞተ፤ የገደለው ግን ኩላሊቱ እንጂ የተተከለው ሳንባ አልነበረም።

በጃንዋሪ 1964 ዶክቶር ሃርዲ ሊሞት ለተቃረበ ሰው የቺምፓንዚ ልብ ተከሉ። ልቡ አንድ ሰዓት ያህል መትቶ ቆመ፥ ከባልንጀሮቻቸው ሐኪሞችም ብርቱ ነቀፌታ ደረሰባቸው።

ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሐኪሞች ሳንባ ለመትከል ሞከሩ፤ በሽተኞቹ ከጥቂቶች በቀር ብዙ ሳይቈዩ ሞቱ። የሰውነትን ውጊያ የሚያበርደው ሲክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ከተገኘ በኋላ፥ በ1983 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሳንባ የተተከለለት ሰው ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችም ሥራውን ያስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ዛሬ በዚያ አገር በየዓመቱ ከ2,000 በላይ ሰዎች ሳንባ ይተከልላቸዋል።

በእስረኞች ላይ የሚደረገውን የሕክምና ምርምር የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ባወጣው ደንብ አጠበበው። ዶክቶር ሃርዲ በ2003 ዓ. ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።