ዣን ቪልፕሬ ፓወር፦ ባሕርን ወደ ቤቷ ያስገባችው ልብስ ሰፊ

የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ያገለገሉ ዕቃዎች ከተመራቂ ወደ ገቢ ተማሪ ይተላለፋሉ። ከአልጋና ከጠረጴዛው መካከል አንዳንዴ የጨው ውኃ አኳሪየም ከነሙሉ ዕቃው በርካሽ ይገኛል። ጭንቀቱ የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው፦ በምን ይጓጓዛል? የዕረፍቱን ወራትስ የት ይቆያል? ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሴት የባሕር እንስሳትን በመስታወት ውስጥ አኑራ ያጠናች፣ በኋላም ቤት ስትቀይር የድካሟን አብዛኛውን ክፍል ያጣች ናት።

ዣን ቪልፕሬ በ1794 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በፈረንሳይ፣ ዡያክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጫማ ሰፊ ነበር። በ18 ዓመቷ የልብስ ስፌት ሥራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ አቀናች፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ በእግሯ እንደተጓዘች ይነገራል። በ1816 ልዕልት ካሮሊን ዱክ ደ ቤሪን ስታገባ የለበሰችውን የሠርግ ልብስ በመጥለፍ ስሟ ታወቀ። ጄምስ ፓወር ከሚባል የእንግሊዝ ነጋዴ ጋርም ተዋወቀች። በ1818 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ተጋቡ፤ ከ20 ዓመት በላይም እዚያው ኖረች።

ዣን የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠችም። በሲሲሊ ግን ራሷን በራሷ አስተማረች፤ ደሴቱን እየዞረች ዕፅዋትን፣ እንስሳትንና ቅሪተ አካላትን ሰበሰበች። ከሁሉ ይልቅ ልቧን የሳበው አርጎናውት የሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ ነበር። የዚህ እንስሳ ሴቷ ስስና ነጭ ዛጎል ውስጥ ትኖራለች። የዘመኑ ሊቃውንት ዛጎሉ የራሷ ነው ወይስ እንደ አንዳንድ ሸርጣኖች ከሌላ እንስሳ የወሰደችው ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። የሞተ አርጎናውት ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ በሕይወት እያለ፣ ቀን ከቀን መታየት ነበረበት።

ስለዚህ ዣን በ1832 ሦስት ዓይነት ማቆያ ሠራች። አንደኛው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የመስታወት ገንዳ ነው። ሁለተኛው በፍርግርግ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ መስታወት ነው። ሦስተኛው ለትልልቅ እንስሳት የታሰበ፣ በመልህቅ ከባሕሩ ወለል ጋር የሚታሰር ፍርግርግ ሳጥን ነው። በእነዚህ ማቆያዎች አርጎናውት ከእንቁላል ሲፈለፈል ዛጎል እንደሌለው፣ በኋላ ግን ራሱ እንደሚሠራው ተመለከተች። ዛጎሉን ሆን ብላ ስትሰብረውም እንስሳው መልሶ ሲጠግነው አየች። ክርክሩ በዚህ ተፈታ። በ1834 ውጤቷ በካታኒያ ጆኤኒያ አካዳሚ ቀረበ፤ ከጊዜ በኋላም ከአሥር በላይ የሳይንስ ማኅበራት አባል አድርገው ተቀበሏት።

በማቆያዎቿ ውስጥ ዛሬም የሚሠራ ብልሃት አለ። ከሦስቱ ሁለቱ እንስሳቱን ከባሕሩ አላወጡም፤ ውኃውም፣ ሙቀቱም፣ ኦክስጅኑም የባሕሩ ነበር። ቤታችን ያለው ገንዳ ግን ይህን ሁሉ ከእኛ ይጠብቃል። 200 ሊትር የጨው ውኃ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ገንዳ ውኃ እንዳለበት አይነሳም። ዓሣዎቹ ክዳን ባለው ባልዲ፣ በራሳቸው ውኃ ይጓዛሉ። ድንጋዮቹ ርጥብ እንደሆኑ መቆየት አለባቸው፤ ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እነሱ ላይ ነውና፣ ከደረቁ ይሞታሉ። ገንዳው ወዲያው የማይተከል ከሆነ ድንጋዮቹ የውኃ ፓምፕና ማሞቂያ ባለው ሌላ ዕቃ ውስጥ የጨው ውኃ ተሞልቶላቸው ይቆዩ። ለወራት የሚከማች ከሆነ ደግሞ እንስሳቱን የሚንከባከብ ሰው ፈልጎ በአደራ መስጠት፣ ፓምፑንና መስታወቱን ጨው እንዳይጋገርባቸው በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ይሻላል። እንደገና ሲተከል ባክቴሪያው እስኪራባ ሳምንታት ይወስዳል፤ ዓሣውን በመጀመሪያው ቀን ማስገባት መግደል ነው።

ዣንና ባለቤቷ ከሲሲሊ ለመውጣት ሲዘጋጁ የስብስቧንና የሥዕሎቿን አብዛኛውን ክፍል ወደ ለንደን በመርከብ ላከችው። በ1838 መርከቡ ሰጠመ። የብዙ ዓመታት ልፋት ባሕር በላው።

ሆኖም ሁሉም አልጠፋም። የአርጎናውቱ ግኝት ካታኒያ በሚገኘው አካዳሚ አስቀድሞ ቀርቦ ነበር። ለታዋቂው የእንስሳት ሊቅ ለሪቻርድ ኦወን የላከቻቸው ናሙናዎችም በ1839 በለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ፊት ቀረቡ። እሷም በዚያው ዓመት ጥናቶቿን በመጽሐፍ አሳተመች፤ በ1842 ደግሞ ስለ ሲሲሊ የመንገደኛ መምሪያ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ግን የቀድሞውን ያህል አዲስ ምርምር አላካሄደችም። በ1843 ከሲሲሊ ወጥታ በፓሪስና በለንደን ኖረች። በ1858 ኦወን አኳሪየምን የፈለሰፈችው እሷ መሆኗን መሰከረላት። በ1870 ፓሪስ በጀርመን ጦር ስትከበብ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች፤ በጥር 1871 እዚያው አረፈች። ስሟ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆይቶ በ1997 በቬኑስ ላይ ለሚገኝ ጉድጓድ ተሰጠ።

ከአገር አገር፣ ከቤት ቤት የምንዞር ሁላችን ከእሷ ታሪክ የምንወስደው አለ። ገንዳ ቢሰበር ይተካል። የምርምር ማስታወሻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ፣ የቤተሰብ ፎቶ ግን አይተካም። ከዣን ሥራ እስከ ዛሬ የደረሰን ከመርከቡ ጉዞ በፊት በሌላ ሰው እጅ የገባው ወይም እንደገና ልትጽፈው የቻለችው ነው። እናም በዚህ ወር ዕቃ የምታስሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ካርቶኑን ከማሸጋችሁ በፊት የማይተካውን ለዩና ቅጂውን የምታምኑት ሰው ዘንድ አስቀምጡ።