ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፦ የልጅነት ሐዘንና የማዕድ ፍርሃት

በምዕራብ ሸዋ ከጊንጪ አንሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ምግብ እንቢ አለ ተብሎ የመጣለትን ልጅ አስቀድሞ ለወስፋት፣ ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ ይመረምራል። ተገቢም ነው። ነገር ግን አካባቢው በቅርብ ዓመታት ባየው ግጭት ወላጁን ያጣ ወይም ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ ሲቀርብ፣ ከምርመራው ጋር ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ይህን ጥያቄ የሚያስተምረንን አንድ ሕይወት ከታሪክ እናነሣለን።

ልዑል ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በ1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አባቱ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፤ አምባውም በእንግሊዝ ጦር ተያዘ፣ ተዘረፈ። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ጦሩን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ እርሳቸውም ከአንድ ወር በኋላ በትግራይ ታመው ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ልጁ ካፕቴን ስፒዲ ለሚባል አማርኛ ለሚያውቅ የእንግሊዝ መኮንን ተሰጠ። ሌሊት ከእርሱ ተለይቶ መተኛት አልቻለም ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀበሉት፤ ስፒዲም ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት በ1864 ዓ.ም. ከስፒዲ ለይቶ ወደ እንግሊዝ አገር አስመለሰውና በቼልተናም ከሚገኝ የትምህርት ቤት ኃላፊ ዘንድ አኖረው። እንግዲህ 11 ዓመት ሳይሞላው ሦስት አሳዳጊዎች አጣ ማለት ነው። ቀጥሎ በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ቢገባ አልቀናውም።

በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሊድስ በሚገኝ መምህሩ ቤት ሳለ ሳንባው ታመመ። በዚያ ሕመም መካከል መርዝ የሰጡት መሰለው፤ ሕክምናንም ምግብንም እንቢ አለ። በኅዳር ወር በ18 ዓመቱ አረፈ።

የገደለው የሳንባ በሽታ ነው። ትኩሳት አእምሮን ስለሚያናውጥ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ የአመጋገብ መታወክ ነበረበት ብለን ልንፈርድ አይገባንም። ሆኖም በአገራችን ጉርሻ ከሚታመን እጅ የሚቀበሉት ነው። ያጎረሱት እጆች አንድ በአንድ የተነጠቁበት ልጅ፣ በባዕድ ቤት የቀረበለትን ቢጠረጥር ሊያስደንቀን አይችልም።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ በልጅነት የደረሰ በደልና ጥቃት ራስን በረኃብ ለሚያከሳው ለአኖሬክሲያም ሆነ ያለ ልክ በልቶ ለማስመለስ ለሚያደርሰው ለቡሊሚያ የመጋለጥን ዕድል ይጨምራል። ነገር ግን ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ ብዙ የተጎዱ ልጆች በዚህ ሕመም አይያዙም፣ ከተያዙትም ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ክብደት ስለ መጨመር ሳያስብ ማነቅን ወይም ማስመለስን ፈርቶ ምግብ የሚሸሽ ሰው ሕመም ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ራሱን ችሎ ተመደበ።

ስለዚህ ባልደረባችን ልጁን ይመዝን፤ የሰውነት በሽታን ይመርምር፤ የተጎሳቆለውንም ሳይዘገይ ያክም። ከዚህ ጋር ማን ያጎርሰው እንደ ነበር፣ ያም ሰው ዛሬ የት እንዳለ ይጠይቅ። በግድ ማጉረስና መቆጣት ፍርሃቱን ያብሳል፤ የሚያምነው ሰው አብሮት ቢበላ ግን ልጁ ይረጋጋል። ካልተሻለው ወደ አእምሮ ሕክምና ይላክ።

ዓለማየሁ የተቀበረው በዊንዘር ነው። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። እርሱን ልንደርስለት አንችልም፤ ነገ ጠዋት በካርድ ክፍሉ በር ላይ ተሰልፎ ለሚጠብቀን ልጅ ግን ገና ጊዜ አለን።