እምቢ ያሉት የኳስ ሰው፦ ይድነቃቸው ተሰማ

ሉማሜ፦ ነሐሴ 13/2017 ዓ.ም

በ1949 ዓ.ም ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ አራት ሀገራት ካርቱም ላይ ተቀጣጠሩ፤ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ እና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን እንደማታሰልፍ አሳወቀች። ኢትዮጵያን የወከሉት ይድነቃቸው ተሰማ ከግብጽና ከሱዳን መሪዎች ጋር ሆነው አልተቀበሉትም። በዕጣው የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ ኢትዮጵያ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ፤ በግብጽም 4 ለ 0 ተሸነፈ።

እምቢታው በካርቱም የተጀመረ አልነበረም። ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በጀርመን ሀገር ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ ኳስ ሜዳውም በዘር ተከፈለ። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ወጣቱ አጥቂ የዘር አጥርን ያወቀው በራሱ እግር ነው።

ለዚሁ ክለብ 23 ዓመት ተሰልፈው በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን አስቆጥረዋል። ለዛሬ አጥቂ የሚከብድ ቁጥር ነው።

ጥር 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ ከቡድኑ አሠልጣኞች አንዱ ነበሩ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ በመሆኑ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ እንዳይቀበል የፈለጉ ባለሥልጣናት ነበሩ። ይድነቃቸው ግን አምበሉን አላስነኩም፤ ዋንጫውን ሉቻኖ ተቀበለ።

ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ከዚያም በፊት፣ አፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ በመነፈጓ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተካሄደው የዓለም ዋንጫ ስትቀር ከእምቢተኞቹ መካከል ነበሩ፤ ለቀጣዩ ውድድርም ቦታው ተሰጠ። ገንዘብ ለሚያስፈልገው ኮንፌዴሬሽን የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያን መግፋት ቀላል ውሳኔ ባይሆንም፣ እርሳቸው ገፍተውታል። ደቡብ አፍሪካም በ1968 ዓ.ም ከፊፋ ተባረረች።

ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በ1988 ዓ.ም ነው፤ አምበሉም ነጩ ኒል ቶቬይ ነበር።